ማሊያው የሚያድርበት ቤት

ዘንድሮ ስድስተኛ ወጣን። ከአስር ክለብ ስድስተኛ። ይሄን ለሰው ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ አልክድም። የምሠራው ኡራኤል አካባቢ አንድ ላውንደሪ ቤት ነው። ሰኞ ጠዋት ነገሩን ሳወራ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ካውያዋን አስቀምጣ አየችኝ።

«ስድስተኛ ለመውጣት ነው ዓመቱን ሙሉ እሁድ እሁድ የጠፋሽው?»

«አዎ።»

«ዋንጫ የለም?»

«የለም።»

«ሜዳልያስ?»

«ስድስተኛ አልኩሽ እኮ።»

«ታዲያ እንደ ሙሽራ እናት የሚያደርግሽ ምንድነው?»

መልሱ ረጅም ነበር፤ የሚተኮሰው ሸሚዝ ደግሞ ብዙ። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ክለባችን የካዛንቺስ ክለብ ነው። ክለብ ስል ቢሮ የለውም፣ አውቶቡስ የለውም፣ ተቀያሪ ተጫዋች እንኳን የለውም ማለት ይቻላል። ማኅተም ግን አለው። ማኅተሙ አሰልጣኛችን ጋራዥ ውስጥ ከመፍቻዎቹ ጋር በአንድ ሳጥን ነው የሚቀመጠው። አሰልጣኛችን መካኒክ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔ ተጫዋች አይደለሁም፣ ኮሚቴም አይደለሁም። ደጋፊ ነኝ። እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ነው የመጀመሪያውን ጨዋታ ያየሁት ይላሉ፤ እንዳለቀስኩም ይጨምራሉ።

ሌላ ክለብ የሌለው አንድ ነገር እኛ ጋ አለ። የኛ ማሊያ ክለቡ ጋ አያድርም። አስራ አንዱም ማሊያ የየራሱ ቤት አለው። አንድ ቤት አንድ ቁጥር ይይዛል፤ ያጥባል፣ ያሰጣል፣ የተቀደደውን ይሰፋል። እሁድ ጠዋት ተጫዋቹ እዚያ ቤት ይመጣል፣ ቁርሱን ይበላል፣ ማሊያውን ለብሶ ይወጣል። ቤተሰቡ ከኋላው ተከትሎት ሜዳ ይሄዳል። ጨዋታው ሲያልቅ እዚያው መስመሩ ላይ አውልቆ ለቤቱ ሰዎች ይሰጣል፤ ራሱ ጃኬቱን ደርቦ ይመለሳል።

እና አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፤ የማንም ማሊያ እናቱ ጋ አያድርም። ድሮ እንደዚያ ነበር አሉ። አንዷ እናት ልጇ ከአሰላለፍ መውጣቱን ሰማችና ማሊያውን ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ቁልፉን ጡቷ ስር አደረገች። «ልጄ ካልተሰለፈ ማሊያውም አይሰለፍም» አለች። በአስር ሰው ተጫወቱ። ከዚያ ወዲህ ማሊያ የሚያድረው ሰው ቤት ነው፤ ተጫዋች ሁሉ ሁለት ቤት አለው ማለት ነው።

ቤቱ ስለሚለያይ ቀለሙም ይለያያል። ሲገዛ ሁሉም አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ነበር። አንዱ ቤት በረኪና ይወዳል፣ አንዱ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፣ አንዱ በላርጎ አሽቶ ይጨርሰዋል። ሜዳ ስንገባ የቄራ ልጆች «ቲማቲም ተራ መጣ፤ ጥሬውም የበሰለውም በአንድ ላይ» ይሉናል። እኔ ግን ከሩቅ ቀለሙን አይቼ የየትኛው ቤት እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ቁጥሩን ማንበብ አያስፈልገኝም።

የኛ ቤት ሦስት ቁጥርን ነው የያዘው። የግራ መስመር ተከላካይ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ። እናቴ ቁርስ ስታቀርብለት «ይበቃኛል» ከማለት ሌላ ቃል አያወጣም። እሷም ይበቃኛል ሲል ትጨምርለታለች። አራት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ጥቅምት ላይ ውድድሩ ተጀመረ። ሦስት ተጫውተን ሁለቱን አሸነፍን። ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ።

ስለ መፍረሱ ብዙ አልጽፍም። የጻፉ አሉ፣ ያለቀሱም አሉ። እኔ የምጽፈው ስለ ማሊያ ነው። ዕቃ የጫኑ መኪኖች እየተከታተሉ ወጡ፤ አንዱ ወደ ገላን፣ አንዱ ወደ አራብሳ። ጥቂቱ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ተከራየ። ጋሼ ጋራዣቸውን ይዘው ቄራ ገቡ። እኛ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ደረሰን። በር ለበር የነበሩ ሰዎች ለመገናኘት ሁለት ታክሲ፣ ሦስት ታክሲ ሆነባቸው። ማሊያዎቹም ከቤቶቹ ጋር ተበተኑ። አንዱ ከብርድ ልብስ ጋር ተጠቅልሎ፣ አንዱ ድስት ውስጥ ተጨምሮ፣ የቱ የት እንደሄደ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ እሁድ ዘጠኝ ተጫዋች መጣ፤ ማሊያ ግን አምስት ብቻ። ዳኛው ሰውዬ ክፉ አልነበረም። «ማሊያ የሌለው አይገባም፤ ሰባት ካልሞላ ደግሞ ጨዋታ የለም» አለ። በፎርፌ ተሸነፍን። ጋሼ ወረቀቱ ላይ ሲፈርሙ እጃቸው ላይ የነበረው ግራሶ ታተመ።

የውድድሩ ደንብ አጭር ነው። አንድ ፎርፌ ሽንፈት ነው፤ ሁለተኛው ስረዛ። የተሰረዘ ክለብ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ይመዘገባል፤ ሲመዘገብ ሰፈሩን ይጽፋል፣ ተጫዋቾቹ የዚያ ሰፈር ነዋሪ መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት ያመጣል። እኛ ከየት እናምጣ? አስራ አንዱ ተጫዋች አምስት ቦታ ነው ያለው። አንዴ ከተሰረዝን የካዛንቺስ ክለብ የሚባል ነገር በቃ፣ አለቀ። ሰፈሩን በስሙ የሚጠራ የቀረን እሱ ብቻ ነበር።

ቄራ፣ ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ተሰበሰብን። ሁሉም ያወራል፣ መፍትሔ የለም። እኔ አልቻልኩም፤ ዝም ማለት አልችልበትም። ከመኪና የወረደ ሞተር ላይ ተደግፌ «ቆይ፣ ይሄን ያህል ምን ያስጨንቃል? ማሊያውን በሙሉ ለኔ ስጡኝ» አልኩ። «ላውንደሪ ነው የምሠራው። አለቃዬን አስፈቅዳለሁ፤ ሁሉንም በአንድ ማሽን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በሻንጣ ሜዳ አመጣለሁ። እናንተ ባዶ እጃችሁን ኑ።»

አጨበጨቡልኝ። ጋሼ አላጨበጨቡም፤ በጨርቅ እጃቸውን ይጠርጉ ነበር። እኔ ደግሞ እጃቸው ስለቆሸሸ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰራልኝ። መጀመሪያ ላይ በጣም ሰራልኝ። አስራ አንዱን ማሊያ ከየቤቱ ለቅሜ አንድ ማሽን ውስጥ ከተትኩ። ሲወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመሳሰሉ። ማለቴ፣ ሁሉም ወደ አንድ ገረጣ ያለ ቀለም መጡ፤ ሽታቸውም አንድ ሆነ። ሜዳ ላይ ሻንጣውን ስከፍት ልክ እንደ ትልቅ ክለብ ነበርን። አስር ሰው መጣ፣ አቻ ወጣን። የቄራ ልጆች ሳይቀሩ «ዩኒፎርም አሰፋችሁ እንዴ?» አሉን። ኮራሁ።

የመስመሩ ዳር ባዶ መሆኑን ያየሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ድሮ አንድ ማሊያ አራት አምስት ሰው አስከትሎ ነበር የሚመጣው፤ ጋቢ የለበሱ አባቶች፣ ፌስታል የያዙ እናቶች፣ «የኛ! የኛ!» የሚሉ ሕፃናት። አሁን እኔና ሻንጣዬ። ከዚያ ተጫዋቹም መሳሳት ጀመረ። አስር የነበረው ዘጠኝ ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ከቄራ ጋር በተጫወትን እሁድ ሰባት ሰው ብቻ መጣ። ልክ ሰባት። አምስት ለዜሮ ተሸነፍን። አንድ ሰው ትኩሳት ቢይዘው ኖሮ ተሰርዘን ነበር።

ሻንጣው ውስጥ ያልተለበሱ አራት ማሊያዎች ነበሩ። እንደተተኮሱ መለስኳቸው።

ስልክ ደወልኩላቸው፣ ለቀሩት። ሰደብኳቸው። «ማሊያችሁን ታጥቦ እያቀረብኩላችሁ፣ ምን ቀረ? ላጉርሳችሁ?» አልኩ። «እመጣለሁ» ይላሉ፤ አይመጡም። ሦስት ቁጥርም ቀረ። እናቴ ግን እሁድ እሁድ ቁርስ መሥራቷን አላቆመችም ነበር፤ ሳስበው አሁን ነው የሚገባኝ።

ረቡዕ ዕለት እማማን ላውንደሪው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አራት ቁጥርን የያዙት እማማ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ልጅ የላቸውም፤ ገላን ነው የደረሳቸው። ሦስት ታክሲ ቀያይረው መጥተዋል፤ የሚታጠብ ልብስ ግን አልያዙም።

«እማማ፣ ምን እግር ጣለዎት?»

«ልጁ የት ገባ?»

«የቱ ልጅ?»

«የቱ ልጅ ትለኛለች። አራት ቁጥር ነዋ።»

«አለ። ማለቴ፣ ሁለት እሁድ አልመጣም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

«ሥራ አልበዛበትም። እሁድ ጠዋት የሚሄድበት ቤት አጥቶ ነው።»

«እማማ፣ ማሊያው እዚህ ታጥቦ ሜዳ ድረስ ይመጣለታል። ገላን ድረስ ምን ያለፋዋል?»

ቁጭ አሉ። ደንበኛ መቀመጫ ላይ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ።

«ገላን ከገባሁ በኋላ ሁለቴ መጥቷል» አሉኝ። «በመጀመሪያው አምፖሉን ቀየረልኝ። በሁለተኛው ጎረቤቴን አስተዋወቀኝ። እኔ አፍሬ ያላንኳኳሁትን በር እሱ አንኳኳና ‹እማማ የኔ ማሊያ ቤት ናቸው፤ ደህና ሰው ናቸው› አላቸው። ከዚያ አንቺ በሻንጣሽ መጣሽና ማሊያውን ወሰድሽ። ታዲያ ምን ብሎ ይምጣ?»

«ዝም ብሎ መምጣት ይችላል እኮ።»

«አንቺ ትችያለሽ። አንቺ ደፋር ነሽ። እሱ ሰው ቤት ያለ ምክንያት አይሄድም። እኔም ና ማለት አልችልበትም።»

ሻንጣውን አወጣሁና አራት ቁጥርን ሰጠኋቸው። አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አሸተቱት።

«ምን ምን ይላል ይሄ?»

«ማለስለሻ ነው።»

«ሆቴል ሆቴል ይላል» አሉና ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱት።

እሳቸው እንደሄዱ ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ።»

«በየትኛው?»

«በማሊያው ነዋ።»

«እሱንማ የዚያኑ ቀን አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንቺ ስትናገሪ ማን ገብቶ ያውቃል?»

ተሳደብኩ ልበል? አልተሳደብኩም፤ ጋሼ ናቸው። ግን እውነታቸውን ነበር። እኔ የኛን ማሊያ ጨርቅ ብቻ አድርጌ ነበር ያየሁት። ሰፈር እያለን አስራ አንዱ ቤት ለአስራ አንዱ ልጅ የመምጫ ምክንያት መሆኑ አይታየኝም ነበር፤ ምክንያት ሳያስፈልግ በየደቂቃው እንገናኝ ስለነበር። ሰፈሩ ሲሄድ ምክንያቱ ብቻ ቀርቶልን ነበር፤ እሱንም እኔ በማሽን አጠብኩት።

ጨዋታ ባልነበረበት የሳምንት መጨረሻ አስሩን ማሊያ ይዤ ዞርኩ። ቅዳሜን ገላንና ጎተራ፣ እሁድን የቀረውን። በየታክሲው ረዳት «ሻንጣው ይከፈልበታል» ይለኛል፤ ጭኔ ላይ አድርጌ ዞርኩ። አንዳንዱ ቤት ያለ ቃል ተቀበለኝ። አንዳንዱ ወቀሰኝ። ጎተራ፣ ሰባት ቁጥርን የያዙት ከስልጤ የመጡ ብርድ ልብስ ነጋዴ ናቸው። ማሊያውን በመስኮቱ ብርሃን ዘርግተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ የኛ አይደለም።»

«ሰባት ቁጥር ነው እኮ አባባ፤ ጀርባውን ይዩት።»

«ቁጥሩን አየሁት። የኛ ደማቅ ነበር፤ ጥላ ላይ ነው የምናሰጣው። ይሄ ታሟል።»

ልጃቸው ከጓዳ «አባ፣ ይዳናል፤ ተቀበላት» ብላ ሳቀች። ተቀበሉኝ። ወዲያው ስልክ አንስተው ሰባት ቁጥር ጋ ደወሉ፤ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ «እሁድ በሁለት ሰዓት፣ ቁርስ እዚህ ነው» ብለው ዘጉት።

የመጨረሻው እኛ ቤት ነበር። እናቴ ሦስት ቁጥርን ከእጄ ተቀበለች፣ አሸተተች፣ ባልዲ ውስጥ ነክራ የታጠበውን ማሊያ እንደገና አጠበች። እያየኋት።

ሦስት ጨዋታ ቀርቶን ነበር። በመጀመሪያው ዘጠኝ ሰው መጣ፣ አሸነፍን። በሁለተኛው አስራ አንድ፤ እንደገና አሸነፍን። የመስመሩ ዳር ሞላ። ሰዎቹ ኳሱን ያዩ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ይጠያየቁ ነበር። ውሃ ደረሳችሁ? ሊፍቱ ሠራ? ጎል ሲገባ ዞረው ማን እንዳገባው ይጠይቃሉ።

የመጨረሻው ጨዋታ ከጎተራ ልጆች ጋር ነበር። ያን እሁድ ለሩጫ መንገድ ተዘግቷል፤ እኛ አላወቅንም። እኔና እናቴ ጎህ ሲቀድ ስለምንነሳ ሦስት ቁጥርን ይዘን ቀድመን ደርሰናል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ቆጠርኩ። አምስት ማሊያ። እንደገና ቆጠርኩ፤ ያው አምስት። ዳኛው ያው የመጀመሪያው ዳኛ ነበር። ሰዓቱን አየ።

«አስራ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።»

የጎተራ አምበል ኳሱን ብብቱ ስር አድርጎ መጣ። «ዛሬ በቴሌግራም ነው እንዴ የምትጫወቱት?»

«አንተ ዝም በል» አልኩት። ከዚህ የተሻለ ነገር አልመጣልኝም።

ጋሼ መሬት ላይ ተቀምጠው ስም ዝርዝሩን ይጽፋሉ። አንዱን ስም ሦስት ጊዜ ጻፉት። እኔ መንገዱ ዳር ወጥቼ ቆምኩ። ስድስተኛው መጣ፤ ሰባት ቁጥር ከነነጋዴው ቤተሰብ፣ ከጎተራ በእግራቸው፣ ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ይዘው። ስድስት ሆንን። አስር ደቂቃ አለፈ። አስራ ሁለት። ዳኛው ፊሽካውን ከኪሱ አወጣ።

ከዚያ ከታች፣ ከዋናው መንገድ በኩል፣ እማማን አየኋቸው። አራት ቁጥር በአንድ እጁ ዘንቢላቸውን፣ በሌላው ክንዳቸውን ይዟል። ያን ግዙፍ ተከላካይ ሰው ሲያየው እየጎተቱት ነው የሚመስለው። ሮጥኩ። ማሊያውን ለብሷል፤ ደረቱ ላይ ተለጥፏል።

ዳኛው በጣቱ ነካው። «እርጥብ ነው።»

«ትናንት ደመና ነበር» አሉ እማማ። «ደንባችሁ ማሊያ ነው ወይስ ደረቅ ማሊያ ነው የሚለው?»

ዳኛው ጋሼን አየ፣ ጋሼ መሬቱን አዩ። ከዚያ «ግባ» አለው፤ ሰባት ሞላን፣ ፊሽካው ተነፋ።

በሰባት ሰው ተጀመረ። በአምስተኛው ደቂቃ ጎል ገባብን፤ የሚጠበቅ ነው። ግን በየጥቂት ደቂቃው ከመንገዱ አንድ ብርቱካናማ ብቅ ይላል። አንዱ በበረኪና እንደገና የነጣ፣ አንዱ ከማሽኔ እንደወጣ የገረጣ። ቤተሰቡ ከኋላው እያለከለከ ይመጣል፣ ጋሼ ስሙ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ ዳኛው በእጁ ጠርቶ ያስገባዋል። ለእረፍት ስንወጣ አስራ አንድ ነበርን። የጎተራ አምበል «ቆይ፣ ስንት ናችሁ?» አለኝ። «ገና እንመጣለን» አልኩት።

አቻ የሆንነው ሊያልቅ ሲል ነው። ጎሉ አስቀያሚ ነበር። ሦስት ቁጥር ከግራ አሻገረ፣ ኳሷ የሰባት ቁጥር ጉልበት ላይ አርፋ ገባች፤ እሱ ራሱ የት እንዳለች አላየም። አንድ ለአንድ። እማማ ማን እንዳገባ ጠየቁኝ፣ ሰባት ቁጥር አልኳቸው። «የነጋዴው ነው» አሉ፤ ዞር ብለው ለእሳቸው እጅ ነሱ።

ስድስተኛ የወጣነው እንዲህ ነው። አልተሰረዝንም፤ ስለዚህ እንደ አዲስ አንመዘገብም፣ ሰፈራችሁን ጻፉ የሚለን የለም። የክለቡ ስም እንዳለ ይቀጥላል። ጋሼ በመጨረሻው ወረቀት ላይ ማኅተሙን ሁለቴ መቱት፤ አንዱ አልበቃቸውም።

ጨዋታው ሲያልቅ ሦስት ቁጥር ማሊያውን አውልቆ ለእናቴ ሰጣት። «ውድድሩ አልቋል፤ እስከ ጥቅምት ጨዋታ የለም» አለችው። «አውቃለሁ» አለ። ጃኬቱን እየደረበ «እሁድ ልምጣ?» አላት። በአራት ዓመት ውስጥ ከእሱ የሰማኋት ረጅሟ ዓረፍተ ነገር ናት። እናቴ ማሊያውን እያጠፈች «ከሁለት ሰዓት እንዳታሳልፍ» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ማሊያው በረንዳችን ላይ ተሰጥቷል። ካውያ ላድርግለት ብዬ እጄን ስዘረጋ እናቴ ከውስጥ «አትንኪው» አለችኝ። ተውኩት።